ኪስ የማይጎዳ የለውዝ ቅቤ፦ ይገዛ ወይስ ቤት ይሠራ?

መልሱን ከፊት ላስቀምጠው፤ የቸኮለ አንብቦ ይሂድ። ቤት ውስጥ ብሌንደር ካለ፣ ወይም ብሌንደር የምታውስ ጎረቤት ካለች፣ ጥሬ የተፈለፈለ ለውዝ ገዝታችሁ ራሳችሁ ቆልታችሁ ፍጩት። ከዚህ የረከሰም የጣፈጠም መንገድ አላየሁም። ብሌንደር ከሌለ አገር ውስጥ የተሠራውን፣ ለውዝና ጨው ብቻ ያለበትን ግዙ። ከውጭ የሚገባው ለመጨረሻ ይቆይ።

ቀሪው ጽሑፍ ለምን እንዲህ እንዳልኩ ነው። ከሁሉም መሃል ግን ቁጠባ የማይገባበት አንድ ቦታ አለ፤ ፍሬው። ጠርሙሱ ላይ ቆጥቡ፣ ስኳሩ ላይ ቆጥቡ፣ ታክሲው ላይ ቆጥቡ። ፍሬው ላይ ግን እጃችሁ አይጠር።

ይህን የምጽፈው ከመሃል ከተማ ወጣ ብለን ለምንኖር ነው። ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ የካ አባዶ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ለገጣፎ። በእኛ ሰፈር ሱፐርማርኬቱ ትንሽ ነው፤ ምርጫው ሁለት ወይ ሦስት ዓይነት ቢሆን ነው። መርካቶ መውረድ ደግሞ የታክሲ ብር ብቻ ሳይሆን ግማሽ ቀን ይበላል። ቦሌ ለሚኖር ሰው ልክ የሆነ ሂሳብ ለእኛ ላይሠራ ይችላል።

መጀመሪያ ሂሳቡ

ዋጋው በየሳምንቱ ስለሚቀያየር የብር ቁጥር ብጽፍ ነገ ያረጃል። የማያረጅ ስሌት ልስጣችሁ። አንድ ኪሎ ጥሬ የተፈለፈለ ለውዝ፣ የተበላሸው ተለቅሞ፣ ሲቆላ ውሃው ተኖ፣ ቀዩ ልጣጭ ተራግፎ፣ ከ850 እስከ 900 ግራም ገደማ ቅቤ ይወጣዋል። ባለ 350 ግራም ጠርሙስ ሁለት ተኩል ያህል ማለት ነው። ስለዚህ ሱቅ ያለውን የባለ 350 ግራሙን ዋጋ በሁለት ተኩል አባዙት። የወጣውን ቁጥር ከአንድ ኪሎ ጥሬ ለውዝ ዋጋ ጋር አስተያዩት። ለከሰልና ለመብራት ትንሽ ጨምሩበት። ያም ሆኖ ልዩነቱ አብዛኛውን ጊዜ ዓይን ያወጣ ነው።

ከነቅርፊቱ የሚሸጥም አለ። ሲታይ ርካሽ ነው። ግን አንድ ኪሎ ከነቅርፊቱ ሲፈለፈል 700 ግራም ገደማ ፍሬ ነው የሚሰጠው፤ ሌላው ቅርፊት ነው። ዋጋው ከተፈለፈለው ቢያንስ በ30 በመቶ ካልቀነሰ ትርፉ ድካም ነው። ቤት ውስጥ ሥራ የፈቱ ልጆች ካሉ ግን ሌላ ነገር ነው። የሚፈለፍሉትን ያህል እንደሚበሉ ብቻ አስቡበት።

ሌላው መንገድ ከቆሎ ሻጭ የተቆላውን መግዛት ነው። በስኒ ወይም በትንሽ ብርጭቆ ተሰፍሮ ስለሚሸጥ የኪሎ ዋጋው ስንት እንደሆነ ማንም አያስተውልም። አንድ ስፍር ገዝታችሁ ሰፈር ሱቅ ሚዛን ላይ አስቀምጡት፤ ብዙ ሰው ይደነግጣል። ከሰሏም ጉልበቷም ትርፏም በእያንዳንዱ ስፍር ላይ አለ፣ ሲገባት ነው። ለመክሰስ ግዙላት። ለአንድ ኪሎ ቅቤ ግን በስኒ መግዛት አያዋጣም። ደግሞም ጨው ያለው ከሆነ ጨዉን ተቆጣጥራችሁ መሥራት አትችሉም።

ከመደርደሪያ የሚነሳው

ከውጭ የሚገባው የተለመደው ዓይነት ለስላሳ ነው፣ ይጣፍጣል፣ ዘይቱም ወደ ላይ አይወጣም። ዘይቱን የሚይዝለት ሃይድሮጅን ገብቶበት የረጋ የአትክልት ዘይት ነው። አሜሪካ ውስጥ አንድ ምርት የለውዝ ቅቤ ተብሎ ለመሸጥ ቢያንስ 90 በመቶው ለውዝ መሆን አለበት። ቀሪው ስኳር፣ ጨውና ያ የረጋ ዘይት ነው። ጠርሙሱ ላይ «ስፕሬድ» የሚል ቃል ካያችሁ ለውዙ ከዚያም ሊያንስ ይችላል። ለስኳርና ለዘይት የለውዝ ዋጋ ከፈላችሁ ማለት ነው፤ ያውም የመርከብና የቀረጥ ተጨምሮበት።

ሁለት ነገር ካላያችሁ አትክፈሉ። አንደኛው ክብደቱ ነው። ባለ 340 እና ባለ 454 ግራሙ መደርደሪያ ላይ ሲታዩ ያን ያህል አይለያዩም፤ ዋጋቸው ተቀራርቦ ካገኛችሁ ትልቁን አንሱ። ሁለተኛው የማለቂያ ቀኑ ነው። «ቅናሽ» የተጻፈበት ዕቃ ቀኑ ሊደርስ የተቃረበ ሊሆን ይችላል። በወር ውስጥ የምትጨርሱት ከሆነ ችግር የለውም፣ እንዲያውም ጥሩ ገበያ ነው። ለጾም የምትፈልጉት ከሆነ ደግሞ ቸኮሌት የተቀላቀለበትን ተጠንቀቁ፤ ወተት ሊኖርበት ይችላል።

አገር ውስጥ የሚሠራው ላይ የምሰማው ዋና ቅሬታ «ዘይት ወጥቶበታል» የሚል ነው። ይህ ብልሽት አይደለም። ለውዝ ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው፤ የሚይዘው ነገር ካልተጨመረበት ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል። ዘይቱን ደፍቶ የሚጥል ሰው አይቻለሁ። ከዚያ ታች የቀረው ደርቆ ማንኪያ ሲገትር ምርቱን ይረግማል። አትድፉት። ጠርሙሱን ክዳኑን አጥብቃችሁ ገልብጣችሁ አሳድሩት፤ ጠዋት በቢላዋ ጀርባ ከሥር ጀምራችሁ አማስሉት። እዚህ ዓይነት ላይ የማያቸው ነገሮች የተሠራበት ቀንና የይዘቱ ዝርዝር ናቸው። ለውዝና ጨው ካለ ይበቃል። ሲከፈት የቆየ የመጥበሻ ዘይት የሚሸት ከሆነ ይመለስ።

በቴሌግራም ትዕዛዝ እየተቀበሉ ቤታቸው የሚሠሩም አሉ። ከእነሱ መግዛት ደስ ይለኛል። ትኩስ ነው፣ ባዶ ጠርሙስ ስትመልሱ የሚቀንሱላችሁ አሉ፣ ብሩም ሰፈር ውስጥ ይቀራል። ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ «ፍሬውን እንዴት ነው የምትለቅሙት?» ሰፌድ ላይ ዘርግታ አንድ በአንድ እንደምትለቅም የምትነግራችሁ ሴት ደንበኛ ትሁናችሁ። «ንጹሕ ነው፣ መልቀም አያስፈልገውም» ያለች ግን ትለፋችሁ። ለምን እንደሆነ አሁን እነግራችኋለሁ።

ፍሬው

«የባቢሌ ነው እኮ» የማይል ሻጭ የለም። ባቢሌ ምሥራቅ ሐረርጌ ውስጥ ነው፣ በለውዝ ስሙ የወጣ ቦታ። ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሚመጣም አለ። ለእኛ ግን ከየት መጣ ከሚለው ይልቅ እንዴት ደርቆ፣ እንዴት ተቀመጠ የሚለው ይበልጣል። ለውዝ መሬት ውስጥ ነው የሚያፈራው። በደንብ ሳይደርቅ ጆንያ ውስጥ ከገባ ይሻግታል። ከሻጋታዎቹ አንዳንዶቹ ደግሞ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመርታሉ።

ይህ መርዝ የታወቀው በዶሮ ነው። በ1960 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ከመቶ ሺህ በላይ ተርኪ የሚባሉት ትልልቅ ዶሮዎች በድንገት አለቁ። ሲመረመር ጥፋቱ መኖው ውስጥ የነበረው ከብራዚል የመጣ የለውዝ ፋጉሎ (ዘይቱ ተጨምቆ የቀረው) ሆኖ ተገኘ። በሰው ላይ ጉበት ነው የሚጎዳው፤ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ለጉበት ካንሰር እንደሚዳርግ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም አረጋግጧል። በምሥራቅ ሐረርጌ ለውዝ ላይ የተደረጉ ጥናቶችም መርዙ ከፍ ብሎ የታየባቸው ናሙናዎች አግኝተዋል። አዲስ አበባ ዙሪያ ወተት ላይ የተነሳውን ጫጫታ የምታስታውሱ ካላችሁ፣ ያም ይኸው መርዝ ነው። ከኑግ ፋጉሎ ወደ ላም፣ ከላም ወደ ወተት።

እሳት ያጠፋው ይሆናል ብላችሁ አትጽናኑ። መቁላት መጠኑን ይቀንሰዋል እንጂ አያስወግደውም። ደግነቱ መርዙ በሁሉም ፍሬ ላይ እኩል አይሰራጭም። ጥቂት የተበላሹ ፍሬዎች ውስጥ ነው የሚከማቸው። እነሱም በአብዛኛው በዓይን ይለያሉ። ስለዚህ ከማንኛውም ማሽን በላይ የሚጠቅማችሁ መልቀም ነው።

ሰፌድ ላይ ስስ አድርጋችሁ ዘርጉት፣ በቀን ብርሃን። የተጨማደደውን አውጡ። ጥቁር ነጥብ ያለበትን፣ ነቀዝ የበሳውን፣ አረንጓዴ ወይም ቢጫ ብናኝ የያዘውን፣ ልጣጩ ከሌላው ለየት ብሎ የጠቆረውን አውጡ። ከዚያ ጤነኛ ከሚመስሉት ዐሥር ያህሉን በጣት ለሁለት ክፈሉ። መሃሉ ነጣ ያለ ክሬም መልክ ካለው ጥሩ ነው። ግራጫ ወይም ቡናማ ከሆነ፣ ያውም ከአንድ በላይ ከሆነ፣ ያ ለውዝ ወደ ሻጩ ይመለስ። ከተቆላና ከተላጠ በኋላ አንድ ጊዜ እንደገና እዩት፤ ልጣጭ የደበቀው ነገር ያኔ ይገለጣል። ስትቀምሱ የመረረ ፍሬ ካጋጠማችሁ ትፉት፣ አትዋጡት። የለቀማችሁትን ደግሞ «ለዶሮ ይሆናል» ብላችሁ አትስጡ። ተርኪዎቹን ምን እንደገደላቸው አይታችኋል።

አሁን ስብርባሪው ለምን በግማሽ ዋጋ እንደሚሸጥ ይገባችኋል። የተሰበረ ፍሬ ሻጋታ ይገባበታል፤ ተቀላቅሎም ስለሚመጣ ለቅሞ መጨረስ አይቻልም። ቅቤ ሲሆን ያው አይደል የሚሉ አሉ። አይደለም። የተፈጨ ነገር ውስጥ ማንም ምንም ማየት አይችልም፤ ለዚህ ነው መጥፎ ለውዝ መጨረሻው ቅቤ የሚሆነው።

ስትገዙ እጃችሁን ጆንያው ሥር ድረስ አስገቡ። ላዩ ላይ የተደረደረው ለዓይን ነው። አንድ እፍኝ አውጥታችሁ አሽትቱ፤ አፈር አፈር ወይም ምድር ቤት ምድር ቤት ካለ ተዉት። አንዱን በጥርስ ስበሩት። ቀጭ ብሎ መሰበር አለበት፤ የሚላመጥ ከሆነ እርጥብ ነው፣ ውሃ በኪሎ እየገዛችሁ ነው። ሻጩ «ምነው እህቴ፣ ዕንቁ ነው እንዴ የምትመርጪው?» ሊል ይችላል። ይበል።

ከየት ይገዛ? መርካቶ እህል በረንዳ ምርጫም አለ፣ በብዛት ለሚወስድ ዋጋውም ይቀንሳል። ግን ለአንድ ኪሎ ብላችሁ ከኮዬ ፈጬ ብትወርዱ የቆጠባችሁትን ለታክሲ ሰጥታችሁ ትመለሳላችሁ። አራት አምስት ጎረቤት ተነጋግራችሁ በተራ አንድ ሰው ላኩ። ካልሆነ የእሁድ ገበያን ወይም የሸማቾችን ሱቅ ቀድማችሁ እዩ። ቅርብ ነው፤ የተበላሸ ካገኛችሁበትም ለመመለስ ይመቻል።

መቁላት

ጣዕሙ የሚወሰነው እዚህ ነው። ብረት ምጣድ፣ ለስለስ ያለ እሳት፣ እጅ ሳይቋረጥ ማማሰል። ከሩብ ሰዓት እስከ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። እሳቱ ከበረታ ላዩ ያርና ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ልጣጩ መሰነጣጠቅ ሲጀምርና አንዱን ስትከፍሉት ውስጡ ፈዘዝ ያለ ወርቃማ ሲሆን አውርዱት። «ትንሽ ይቅረው» ባላችሁበት ሰዓት አውርዱ፤ ከምጣድ ወርዶም በራሱ ሙቀት መብሰሉን ይቀጥላል። ወዲያው ትሪ ላይ ዘርጉት።

ያልበሰለ ለውዝ ቅቤው ጥሬ ጥሬ ይላል፣ እንደ ባቄላ። ያረረ ይመራል፤ ምሬቱንም ስኳር አይሸፍነውም። በሁለቱ መሃል ሰፋ ያለ ቦታ አለ፣ ጠቆር ያለ የሚወድ አለ፣ ነጣ ያለ የሚወድ አለ። ሱቅ የምትገዙት ሁሉንም በአንድ ልክ ይሰጣችኋል። ቤት መሥራት ከዋጋው ሌላ ያለው ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው። ሞቅ እንዳለ በንጹሕ ጨርቅ አሽታችሁ በሰፌድ አንጓሉት፤ ልጣጩ ይሄዳል። ጥቂት ቢቀር አይጎዳም።

በምን ይፈጭ?

ብሌንደር ካለ ነገሩ አለቀ፣ ትዕግሥት ብቻ ነው የሚፈልገው። ለውዙ ለብ እንዳለ ጨምሩት፣ ዘይቱ ቶሎ ይለቃል። መጀመሪያ ዱቄት ይሆናል። ከዚያ ጎኑ ላይ ይጣበቅና «አልሆነም» ያሰኛል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ተስፋ ቆርጦ ውሃ ይጨምራል። ውሃ በፍጹም! ቅቤው ይጓጉላል፣ ቶሎም ይበላሻል። ይልቅ አጥፉት፣ ጎኑን በማንኪያ አራግፉ፣ ሞተሩ ይረፍ፣ ቀጥሉ። ትንሽ ቆይቶ ድቡልቡል ይሆንና ከዚያ በድንገት ይላላል። እምቢ ካለ ለግማሽ ኪሎ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጠብ አድርጉ። በአንዴ ብዙ አትጫኑት፤ ርካሽ ብሌንደር የሚቃጠለው በስስት ነው። መሃል ላይ መብራት ከሄደም አትደንግጡ፣ ከድናችሁ አቆዩት፣ ሲመጣ ትቀጥላላችሁ።

ሙቀጫ ይሠራል፣ ግን ክንድ ይጠይቃል፣ ውጤቱም ሸካራ ነው። ሸካራውን የሚወድ አለ፤ እኔ አንዷ ነኝ። ነጭ ሽንኩርት ወይም በርበሬ የተወቀጠበት ከሆነ ግን ሽታው አይለቅም፤ ለጣፋጭ የማይሆን ቅቤ ይዛችሁ ትቀራላችሁ። ወፍጮና መጅ ያላቸው እናት ቤት ካሉ ከብሌንደር የማይተናነስ ልስላሴ ይወጣል። ጉልበታቸውን ግን አታባክኑ፣ እናንተ ፍጩ። በእጅ የሚዞር የሥጋ መፍጫም ሁለት ሦስት ጊዜ ከተመላለሰበት ጥሩ ነው። የቡና መፍጫ ለአንድ ቁርስ ያህል ይሆናል፤ ከዚያ ማጽዳቱ ራሱ ሥራ ነው። ወፍጮ ቤት አትድከሙ። ዘይቱ ወፍጮውን ስለሚይዘው የእህል ወፍጮ ያላቸው አይቀበሏችሁም፤ የተቀበላችሁም ቢኖር በርበሬ ከፈጨበት ነው የሚፈጭላችሁ።

ጨው ለግማሽ ኪሎ ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ጀምሩ። ስኳር ከፈለጋችሁ ቀድማችሁ ለብቻው አድቅቁት፤ ዘይት ውስጥ ስለማይሟሟ ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል። ማር ቅቤውን ያጠነክረዋል፣ ስለዚህ ሲበላ ላዩ ላይ ቢፈስ ይሻላል። የለውዝ አለርጂ ያለበት ሰው ቤት ውስጥ ካለ ይህን ሁሉ እርሱት።

አንድ ሌላ «ርካሽ» ነገር ሳላነሳ አላልፍም። ፕላምፒ ነት የሚባለውን ባለ 92 ግራም ከረጢት ሱቅ ውስጥ ተደርድሮ አይታችሁ ይሆናል። ለውዝ፣ የወተት ዱቄት፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ቫይታሚንና ማዕድን ነው፤ ጣፋጭ ነው፣ ዋጋውም ይማርካል። በከፍተኛ የምግብ እጥረት ለተጎዱ ሕፃናት በነፃ የሚታደል ሕክምና ነው። እያንዳንዱ ከረጢት 500 ካሎሪ ነው፤ የአንድ የተጎዳ ልጅ ቀን በእነዚህ ከረጢቶች ይቆጠራል። ሱቅ የደረሰው ከአንድ ልጅ እጅ ወጥቶ ነው። አትግዙ።

የተሠራውን ታጥቦ በደንብ በደረቀ ጠርሙስ አስቀምጡ፣ ፀሐይ የማይነካው ቦታ። እርጥብ ማንኪያ አይግባበት። እኛ ጋ ቀዝቀዝ ስለሚል ያለ ፍሪጅ ሁለት ሦስት ሳምንት ምንም አይሆንም። ስለዚህ በአንዴ ከአንድ ኪሎ በላይ አትሥሩ፣ ትኩሱ ነው የሚጣፍጠው።

ብሌንደሩን ደግሞ ወዲያው እንዳታጥቡት። ጎኑ ላይና ምላጩ ሥር የተጣበቀው ሁለት ሦስት ማንኪያ ይሆናል። ለብ ያለ ውሃና ትንሽ ስኳር ጨምሩበት፣ አንድ ጊዜ አዙሩት፣ ድስት ላይ ገልብጣችሁ እያማሰላችሁ አፍሉት። የለውዝ ሻይ ይሆናል፤ የጾምም ነው። ለሁለት ሰው ይበቃል፣ ብሌንደሩም ግማሽ መንገድ ታጥቧል።